የመንግሥት የሆነ ታሪካዊ ቤት በስጦታ ገንዘብ ሲታደስ፤ ከሸዋ ሮቢት የተጻፈ ዳሰሳ

ባለቤቱ መንግሥት የሆነ አንድ ታሪካዊ ቤት ጣሪያው አፍስሶ፣ ምሰሶው በስብሶ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ ለመውደቅ በተቃረበ ጊዜ፣ ለማደሻው የሚሆነውን ገንዘብ ከግለሰብ፣ ከነጋዴ፣ ከባዕድ መንግሥት ወይም በባሕር ማዶ ከሚኖር ወገን በስጦታ መቀበል ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ በምን ሥርዐትና በማን ዐቃቢነት ነው? ይህ ጥያቄ በአገራችን ብዙ ጊዜ በተግባር ተመልሶ፣ በቃል ግን እምብዛም ሳይመረመር የኖረ በመሆኑ፣ የገንዘቡ ነገር ከሕንጻው ነገር፣ የሕንጻውም ነገር ከባለቤትነቱ ታሪክ ጋር የተሳሰረበትን ቋጠሮ ቀስ ብሎ መፍታት ያስፈልጋል። ክርክሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በሸዋ ሮቢትና በጠቅላላው በይፋት ቆላ፣ ከበላያችንም በደጋው ጫፍ በአንኮበር፣ ለጥያቄው የሚሆን በቂ ማስረጃ ስላለ እኛም የምንናገረው አለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቤቶቹ የመንግሥት የሆኑበትን መንገድ ማስታወስ ይገባል። ከፊሎቹ ከመሠረታቸው አብያተ መንግሥት ስለ ነበሩ ዘውዱ ሲወርድ ለመንግሥት የተላለፉ ናቸው። የሚበዙት ግን የመኳንንት፣ የነጋዴና የውጭ አገር ተወላጅ መኖሪያ ሆነው ሳለ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከግል እጅ ወጥተው፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት የተደለደሉ ናቸው። አዋጁ ለብዙ ቤት አልባ ሰው መጠለያ መስጠቱን የሚክድ የለም፤ ሆኖም አንድ ራስ ወይም አንድ ደጃዝማች እንግዳ ይቀበልበት የነበረው ሰፊ አዳራሽ በጣውላ እየተከፈለ ለብዙ ቤተሰብ ሲታደል፣ በተቀረጸ እንጨት ያጌጠው ሰገነት በላስቲክ ተጋርዶ ማድቤት ሲሆን፣ የወሩም ኪራይ ለዐሥርተ ዓመታት ከፍ ሳይል ኖሮ አንድ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ለማስለወጥ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ፣ ቀበሌውም በጀት የለኝም ብሎ፣ ቤቱ በሁለቱ መካከል ዓመት ዓመቱን እያዘመመ ሄደ። ስለ ስጦታ ገንዘብ የምንነጋገረው የመንግሥት ግምጃ ቤት ለዚህ ሁሉ ቤት በዐቅሙ ስላልደረሰ ነው።

መልካም ዕጣ የገጠማቸውም አሉ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ቆይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና የሙዚየሙ ማደሪያ ሆኖ ይኖራል። በሐረርም የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ቤት በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተሰበሰቡት ቅርሶች መኖሪያ ሆኗል፤ እዚህ ላይ መንግሥት ቤቱን ሰጠ፣ ግለሰቡም ዕድሜ ልኩን የለቀመውን አመጣ። ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነገር ቢኖር ቤቱ የዳነው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በሩን ከፍቶ የሚገባበት ሥራ ስላገኘ መሆኑን ነው።

ወደ ይፋት ስንመለስ ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ አንኮበር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡበት፣ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል የወጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ የሰነበተበት፣ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የአባታቸውን ዙፋን የያዙበት ያ መናገሻ፣ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ ዛሬ ከግንብ ቁራጭ በቀር የቀረለት ጥቂት ነው። በዚያው ኮረብታ ላይ በእኛ ዘመን አንድ የግል ባለሀብት የጥንቱን መልክ የተከተለ የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ ሠርቶበታል። ይህ ሥራ ቦታውን ከመረሳት ስላዳነው፣ እንግዳም ወደዚያ ተራራ እንዲወጣ ስላደረገ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር ካልን፣ ጎብኚው ዛሬ በዐይኑ የሚያየው የምኒልክን ቤት ሳይሆን የምኒልክን ቤት አምሳል ነው። ምሰሶውን የጠረበው እጅ፣ ድንጋዩን ያያያዘው ጭቃ፣ የበሩ መቃን ስፋት፣ ይህ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ ወርቅ ቢፈስበት ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የስጦታ ገንዘብ ጉዳይ በመጀመሪያ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ቤቱ ቆሞ ሳለ የመጣ መቶ ሺህ ብር ከወደቀ በኋላ ከሚመጣ መቶ ሚሊዮን ይበልጣል።

ከአንኮበር በታች በቆላው ያለውም ቅርስ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት ይፋት በድንጋይ የታነጹ ከተሞች፣ መስጊዶችና መቃብሮች ነበሩት፤ እንደ ኖራና እንደ አስባሪ ያሉትን ፍርስራሾች የፈረንሳይ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አጥንተዋቸዋል። ጥናቱ በውጭ ሰዎች ገንዘብና ድካም መካሄዱ የሚያስቀይም ሳይሆን የሚያስመሰግን ነው፤ እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ግን ያገሩ ልጅ ከብቱን በዚያ ግድግዳ አጠገብ እያሰማራ ቦታው የማን እንደ ነበር የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የተቃዋሚውንም ቃል አሳንሶ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተቃጠለችበት፣ ዓመትም ሳይሞላ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ የዘለቀበት አገር ሰው፣ የራሱ ቤት ቆርቆሮ ሳይመለስለት ስለ ሙታን መኳንንት አዳራሽ እንዴት ይለመናል? በማሾና በሽንኩርት እርሻ ላይ የተንጠለጠለ ገበሬ፣ ልጁ በዛፍ ጥላ ሥር ሲማር እያየ ስለ ተቀረጸ ሰገነት ይጨነቅ ዘንድ ማን ያዘዋል? ተቃውሞው ስለ ግምጃ ቤቱ ገንዘብ ከሆነ ፍጹም እውነት ነው፤ የጤና ጣቢያውና የትምህርት ቤቱ በጀት ለአሮጌ ቤት ሊነካ አይገባም። ነገር ግን ይኸው እውነት ራሱ ስጦታውን ለመቀበል ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመከልከል አይሆንም፤ ምክንያቱም ለቅርስ ብሎ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ከሕሙማን አፍ የተነጠቀ ሳይሆን በፈቃዱ የተለየ ነው። ከዚህም ሌላ የዕድሳት ሥራ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ኖራ አቃጣዩንና ድንጋይ ጠራቢውን ስለሚቀጥር፣ ሥራ አጥቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ለሚውለው ጎልማሳ እንጀራ ነው። ወረዳው ስጦታውን ሰበብ አድርጎ የራሱን ግዴታ እንዳይተው መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ዋና ዐምድ ይህ ነው፤ የሰው ስጦታ የመንግሥትን ግዴታ ያግዛል እንጂ አያነሣም።

ሕጉም ወደዚሁ ያመለክታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 ንኡስ አንቀጽ 2 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ሲል ሁለቱን በአንድነት ጠርቷል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ማናቸውም የቅርስ ጥገና ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆንም መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችል ይፈቅዳል። ባለቤቱ ራሱ መንግሥት በሆነ ጊዜ ግን ረጂውና ተረጂው አንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ ስጦታ የሚያመጣው ሰው የሚገባበት በር ማን እንደሚከፍተው፣ ገንዘቡስ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ ተለይቶ ካልታወቀ፣ በክልሉ፣ በዞኑ፣ በወረዳውና በቀበሌው መካከል ሲንከራተት ክረምት ይገባበታል።

የጥንት አበው ስለ ስጦታ የተዉልን ሥርዐት ዛሬ ከምናስበው የጠለቀ ነበር። ለአንድ ደብር ጉልት ወይም ንዋየ ቅድሳት ሲሰጥ ቃሉ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሰጪው ማን፣ የተሰጠው ምን፣ ዘመኑ የየትኛው ንጉሥና የየትኛው ጳጳስ እንደ ሆነ ይዘረዘራል፤ ምስክሮቹ በየስማቸውና በየሹመታቸው ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻም ያን ስጦታ የነጠቀ ወይም ለሌላ ያዋለ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ተብሎ በግዝት ይታሰራል። በይፋት ሙስሊሞች ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ የወቅፍ ሥርዐት አለ፤ ለአላህ ብሎ የተሰጠው ቤት ወይም እርሻ ዋናው ሳይሸጥ፣ ሳይለወጥ፣ ሳይወረስም ተጠብቆ፣ ፍሬው ብቻ ለተባለለት በጎ ሥራ ይውላል፤ ናዚር የተባለም ጠባቂ ይሾምለታል። ሁለቱ ሥርዐቶች፣ አንዱ ከመቅደስ አንዱ ከመስጊድ ቢወጡም፣ በሦስት ነገር ይገናኛሉ፤ ስጦታው ይጻፋል፣ ዓላማው አይለወጥም፣ የሚጠየቅበት ሰው አለ። በዚህ ቆላ ክርስቲያኑ ለመስጊድ፣ ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ ሲያቀብል ስለ ኖረ፣ ሁለቱን ሥርዐት አስተባብሮ ለአንድ የጋራ ቅርስ ማዋል ለይፋት ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በ1967 ዓ.ም. ግን የቤተ ክርስቲያኑም የወቅፉም ትርፍ ቤቶች ከሌላው ጋር አብረው ተወርሰዋል። ይህን የምጽፈው የሞተ ጠብ ለማስነሣት ሳይሆን፣ ለበጎ ተብሎ የተሰጠ ነገር በአንድ ቀን አዋጅ ሊወሰድ እንደሚችል ሕዝቡ ያየ በመሆኑ፣ የዛሬው ለጋሽ እጁን ወደ ኪሱ ከመክተቱ በፊት የሚያመነታበት ምክንያት እንዳለው ለማሳየት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያመነቱት የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው የሠራው ቤት በመንግሥት እጅ ሆኖ ሲፈርስ እያዩ፣ ለማደሻው ከራሳቸው ገንዘብ ቢሰጡ የተወሰደባቸውን ርስት ዳግመኛ በገዛ እጃቸው የመረቁ ይመስላቸዋል፤ ባይሰጡ ደግሞ የአባት ስም ከነቤቱ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ሰው የባለቤትነት ጥያቄውን በፍርድ ቤት ወይም በሸንጎ የማቅረብ መብቱ ሳይነካ፣ ስጦታውን በምስጋና ተቀብሎ፣ በቤቱ በር ላይ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን በእውነት መጻፍ መንግሥት ሊያደርገው የሚችል ትንሹ ፍትሕ ነው። ብዙ ጊዜ ይህም እንኳ ሲቀር አይተናል።

የውጭውን እርዳታ በተመለከተ ላሊበላ ታላቅ ትምህርት ቤት ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያንና በአሜሪካውያን ለጋሾች ገንዘብ የመጣው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ከእርሱ በፊት የነበሩ አዳሾች ለመልካም አስበው በዐለቱ ላይ የቀቡትን ሬንጅ መሰል ልባስ መፋቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ጊዜያዊ ይሁኑ ተብለው ሳለ እንደ ቆሙ በመቅረታቸው፣ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ በሰልፍ ወጥቶ ይነሡልን እስከ ማለት ደርሷል። ገንዘቡ የውጭ መሆኑ ክፋት አልነበረበትም፤ ጉድለቱ የማፍረሻው ወጪና የማፍረሻው ቀን በመስጫው ውል ውስጥ አለመታሰሩ ነው። በአክሱም ግን ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሞ ሲመረቅ ወጪውን የኢጣልያ መንግሥት ቢችልም፣ ያ የተወሰደን ዕዳ መመለስ እንጂ ስጦታ ሊባል አይገባውም፤ ሁለቱን መለየት ክብርን መጠበቅ ነው። በአዲስ አበባ በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የብር ኢዮቤልዩ የተሠራው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በፈረንሳይ እርዳታ ታድሶ፣ ፕሬዚዳንት ማክሮን ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. መጥተው ተመልክተውታል።

ፈረንሳዮችም ቢሆኑ በራሳቸው ቤት ተፈትነዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የተቃጠለው የኖትር ዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1905 በወጣ ሕግ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሆኖም 340 ሺህ ያህል ሰዎች ከ150 አገሮች 846 ሚሊዮን ዩሮ አዋጡለት። መንግሥቱ በዚያው ዓመት ለዚህ ስጦታ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ፤ የሒሳብ መርማሪው ፍርድ ቤትም ገንዘቡ ለተባለለት ሥራ መዋሉን በየጊዜው እየመረመረ ለሕዝብ ገለጠ፤ ካቴድራሉም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1961 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ዣክሊን ኬኔዲ ዋይት ሐውስን በለጋሾች ዕቃና ገንዘብ ሲያሳድሱ፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ለቤቱ የተሰጠ ታሪካዊ ዕቃ የቤቱ ሆኖ እንዲቀር እንጂ ከሚሄደው ፕሬዚዳንት ጋር እንዳይሄድ ደነገገ። ሁለቱም አገሮች ገንዘቡን ከመብላታቸው በፊት ሕጉን ጻፉ፤ የእኛ ልማድ ግን ገንዘቡን ሰብስቦ ሕጉን ኋላ መፈለግ ነው።

ከባለጸጋ ነጋዴ ስለሚመጣው ስጦታ ለብቻው መናገር ያሻል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት በምኒልክ አዳራሽ በተደረገው የገበታ ለሸገር እራት የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሎበታል። ገንዘቡ ለወንዞች ዳርቻ ልማት የተሰበሰበ እንጂ ለቤት ዕድሳት ባይሆንም፣ ያገራችን ባለሀብት ሲጠየቅ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሬት ለመመራት፣ ግብር ለማስላት ወይም ፈቃድ ለማሳደስ ጉዳዩ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው ለዚያው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ገንዘብ፣ ሰጪው በቅን ልቡና ቢያደርገው እንኳ፣ የተቀባዩን ፍርድ ማለዘቡ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳዩ ያላለቀ ነጋዴ ስጦታው በምስጋና ይቆይለት፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ይምጣ። በወረዳ ከተማ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ ከዋና ከተማ ይልቅ ያስፈልጋል።

የለጋሽ ችኮላ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የመኳንንቱ ዘመን ቤቶች ግድግዳ በአመዛኙ በጥድ ምሰሶና በማገር ላይ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የከረመ ጭቃ ተመርጎበት፣ ወይም ድንጋይ በጭቃና በኖራ ተያይዞ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተፋል፤ በዚህም መቶ ዓመት ይቆማል። ለጋሹ በቶሎ የሚታይ ውጤት ፈልጎ፣ ተቋራጩም የሚያውቀው ሲሚንቶ ብቻ ሆኖ ግድግዳው በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ቤቱ ለምረቃው ቀን ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ውስጥ የታገተው ውኃ ግን ምሰሶውን ከእግሩ ጀምሮ ያበሰብሰዋል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ትቢያ ነው። ከሪባን መቁረጡ በፊት የጣሪያው ክፈፍና የውኃ መውረጃው አሸንዳ ይጠገን፤ ጣሪያው ከደረቀ ግድግዳው ይታገሣል።

እንግዲህ ስጦታ ይቀበሉ ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን ቤቱ ሳይነካ በፊት ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በመዝገብ ይግባ፤ ስጦታው ከወረዳው ጠቅላላ ሒሳብ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ የገንዘቡ ልክና የሰጪው ስም፣ ወጪውም ጭምር በየሩብ ዓመቱ በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቤቱ ከታደሰ በኋላ ለዓመታዊ ጥገናው የሚሆን በጀት መንግሥት በጽሑፍ ሳይመድብ አንድ ብር አይቀበል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ድንጋይ፣ ጭድ፣ የጉልበት ቀን ቢሰጥ ያ በንብረት ገቢ ደረሰኝ (በሞዴል 19) ተመዝግቦ ከባለሚሊዮኑ ጋር በአንድ ዝርዝር ይጻፍለት። በደቦ የመጣ ሰው ነገ ቤቱን ሲያፈስ ካየ ዝም አይልም፤ ከሩቅ የመጣ ገንዘብ ግን ዝም ሊል ይችላል።

በዚህ ዓመት ሊጀመር የሚችለው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሰሜን ሸዋ ዞንና የይፋት ወረዳዎች የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ከካህናቱ፣ ከመሻይኾቹና ከአገር ሽማግሌው ጋር ሆነው፣ በየከተማው በመንግሥት እጅ ያለውን እያንዳንዱን አሮጌ ቤት ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራ፣ ዛሬ ማን እንደሚኖርበት፣ ጣሪያው እንዴት እንዳለ ይጻፉ። በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያላችሁ የይፋት ልጆች ሆይ፤ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን መዝገብ ጠይቁ፤ መዝገቡ ሲመጣላችሁም አትዘግዩ፤ ክረምቱ በሰኔ ይገባል።